ኦዲታችን 94 በመቶ አመጣ፤ ሳይክሎኑ ግን ያስፈራኛል

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ በአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሴፍቲ ኦፊሰር ነኝ። 400 ያህል ቋሚ ሠራተኛ አለን። ዓመቱን ሙሉ ሰው ከሥራ ያስቀረ ጉዳት አልተመዘገበም። የውስጥ ኦዲታችንም 94 በመቶ አመጣ። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎታል፤ ለቦርድ የሚያቀርበው አንድ ቁጥር እንድሰጠው ጠይቆኛል። እኔ ግን ማታ ማታ ሳይክሎን (ጥሬው ዱቄት በትኩስ ጋዝ የሚሞቅበት ቀፎ) ሲደፈን ልጆቹ ያለ ፐርሚት (የአደገኛ ሥራ ፈቃድ ወረቀት) ፕሪሂተር (ሳይክሎኖቹ የተደረደሩበት ማማ) ላይ ወጥተው የተደፈነውን ሲወጉ አያለሁ። ምን ልለካ? ኦዲቱንስ እንዴት ላድርገው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዓይንህን እመን። ስለ ቁጥሩ ከማውራታችን በፊት ግን የሳይክሎኑን ነገር እንጨርስ፤ እሱ ኦዲት አይጠብቅም።

ታችኛው ሳይክሎን ውስጥ ያለው ዱቄት ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ተደፍኖ ቆይቶ ድንገት ሲለቅ እንደ ክምር አይናድም፤ አየር ስላለበት እንደ ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል። ባገኘው ክፍት በር ሁሉ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለውም የሚወጋው ሰው ብቻ አይደለም። ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ሌላ ሥራ ላይ የነበረውም ይቃጠላል። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ፦ ወደ ኪልኑ (ወደ ማቃጠያው ምድጃ) የሚሄደው ፊድ፣ ማለትም ጥሬው ዱቄት፣ ሳይቆም ማንም አይወጋም። ከታች ያሉት ፎቆች ከሰው ይጸዳሉ፣ በሮቻቸውም ይዘጋሉ። ኤር ካነኖቹ (ድፍኑን በአየር ግፊት የሚመቱት መሣሪያዎች) አየራቸው ወጥቶ ይቆለፋሉ። የሙቀት መከላከያ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ብቻ ይቀርባል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ቀዳዳ ብቻ ይከፈታል፣ መሸሻውም ነፃ ይሆናል። ውሃ በፍጹም። ይህን የሺፍት ኃላፊው ፈርሞ ይቀበል። ሥራ አስኪያጁ ምርት ቆመ ብሎ ከተቆጣ፣ ቁጣውን አንተ ተቀበል፤ ለዚህ ነው የተቀጠርከው።

አሁን ወደ ቁጥሩ።

የጉዳት መጠን የሚሰላው ሰው ከሥራ ያስቀሩ ጉዳቶችን በ1,000,000 አባዝቶ ለተሠራው ሰዓት በማካፈል ነው። የእናንተን እንየው። 400 ሰው፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ 960,000 ሰዓት ይሆናል። አንድ ሰው ቢጎዳ 1.04 ይመጣል። አሜሪካኖቹ ደግሞ የሚያባዙት በ200,000 ነው፤ መቶ ሠራተኛ በዓመት የሚሠራው ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ስሌት ያው አንድ ጉዳት 0.21 ይሆናል። ቦርዱ ውስጥ የውጭ ባለአክሲዮን ካለ በየትኛው እንዳባዛህ ጻፍለት። አለበለዚያ አንዱ ፋብሪካ ከሌላው አምስት እጥፍ የተሻለ መስሎት ይሸልማል።

ዜሮው ራሱስ ምን ይነግርሃል? ብዙም አይነግርህም። በአማካይ በዓመት አንድ ሰው የሚጎዳበት ፋብሪካ፣ ምንም ሳያሻሽል፣ ከሦስት ዓመት አንዱን ያህል በዜሮ ያልፋል። በአማካይ ሦስት ሰው የሚጎዳበት እንኳ ከሃያ ዓመት አንዱን በዜሮ ይጨርሳል። እናንተን በሚያህል ፋብሪካ አንድ ዓመት በጣም አጭር ነው። ዘንድሮ ዜሮ፣ ከርሞ ሁለት ቢሆን ሴፍቲው ወደቀ ማለት አይደለም፤ ዘንድሮም ጎበዝ ነበራችሁ ማለት አይደለም።

ከዚህ የባሰ ነገርም አለ። ጣት የሚቆርጠው ነገርና ሰው በጅምላ የሚገድለው ነገር አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 ቴክሳስ ሲቲ የሚገኘው የቢፒ ነዳጅ ማጣሪያ ፈንድቶ 15 ሰው ሞተ፣ 180 ሰው ተጎዳ። ከዚያ በፊት የግል ጉዳት ቁጥራቸው ጥሩ ይመስል ነበር። የማጣሪያው ማማ በፈሳሽ እየሞላ ሳለ የደረጃ መለኪያው እየወረደ ነው ይል ነበር፤ ሁለተኛው የከፍተኛ ደረጃ ማንቂያም አልጮኸም። የሞቱት በሙሉ ኮንትራክተሮች ናቸው፤ ለሌላ ክፍል ጥገና ተብሎ እዚያው አጠገብ በቆሙ ተጎታች ቢሮዎች ውስጥና አካባቢ የነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የዲፕወተር ሆራይዘን የባሕር ላይ የነዳጅ ቁፋሮ መድረክ በፈነዳበት ዕለት፣ ሰባት ዓመት ያለ ጉዳት ተሠራ ብለው ሊያመሰግኑ የመጡ አለቆች እዚያው ነበሩ። 11 ሰው ሞተ። ለቦርዱ ይህን ንገረው። የሄልሜትና የጓንት ቁጥር ስለ ኪልን፣ ስለ ከሰል ወፍጮና ስለ ሳይሎ (ስለ ዱቄት ጎተራው) ምንም አይናገርም።

ስለዚህ የምትለካው ሰው እንዳይሞት የሚከላከለው ነገር ዛሬ ማታ በቦታው መኖሩን ነው። በሲሚንቶ ፋብሪካ ገዳዮቹ ብዙ አይደሉም፦ ትኩስ ዱቄት፣ የሚሽከረከር ማሽን፣ ከፍታ፣ ሳይሎና ሌላ ጠባብ ቦታ፣ ኤሌክትሪክ፣ የከሰል ፍንዳታ፣ ግቢ ውስጥ የሚሄድ ሎደርና የጭነት መኪና። ለእያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት መከላከያ ምረጥ፤ ከዚያ በላይ አትያዝ። አምሳ ነገር የሚለካ ሰው ምንም አይለካም።

94 በመቶው ከየት እንደመጣ ልገምት? ቼክሊስቱ ላይ መቶ ጥያቄ አለ፤ የእሳት ማጥፊያው መለያ ካርድ አንድ ነጥብ፣ የብሬከሩ (የኤሌክትሪክ ማቋረጫው) ቁልፍም አንድ ነጥብ። የጎደለው 6 በመቶ ምናልባት ሰው የሚገድለው ነው። ገዳይ የሆኑትን ከድምሩ አውጣቸው። እነሱ አማካይ የላቸውም። ወይ አለ፣ ወይ የለም። አንዱ ከጎደለ ኦዲቱ ወደቀ፤ የቀረው ሁሉ መቶ ቢያመጣም።

ኦዲቱን ደግሞ ከወረቀት ወደ ሥራ አትሂድ፤ ከሥራው ተነስተህ ወደ ወረቀቱ ሂድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፐርሚት ክፍል ገብቶ ፋይሉን ይከፍታል፤ ሃያ ፐርሚት ያያል፤ ሁሉም ተፈርሟል፤ መቶ በመቶ ይሰጣል። ፐርሚት ያልወጣለት ሥራ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም! ስለዚህ መጀመሪያ ሜንቴናንስ ሂድ። ባለፈው ወር የተዘጉ የሥራ ትእዛዞችን አውጣ። በተለይ የማታ ሺፍቱንና የእሑዱን። ከዚያ ውስጥ ሃያውን በዕጣ ምረጥና ፐርሚታቸውን ፈልግ። 13 ካገኘህ ውጤትህ 65 በመቶ ነው። እውነተኛ ቁጥር ማለት ይህ ነው።

ለሳይክሎኑማ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አለህ። ኮንትሮል ሩም ውስጥ ያለው ትሬንድ (በየሰዓቱ የተመዘገበው ግራፍ) አይዋሽም። ፊዱ ስንት ሰዓት ላይ ቆመ? ፐርሚቱ ስንት ሰዓት ተፈረመ? ልጆቹ በሬዲዮ «ጀመርን» ያሉት መቼ ነው? ሦስቱን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጥ። ፐርሚቱ ሥራው ካለቀ በኋላ የተሞላ ከሆነ ወዲያው ይታይሃል። የሙቀት ልብሱንም ተመልከት፤ ስንት አለ ሳይሆን የት ነው ብለህ ጠይቅ። ማታ ስቶር ተቆልፎበት ከሆነ ያው የለም ማለት ነው።

ፐርሚት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር የነበረው የፓይፐር አልፋ የነዳጅ ማውጫ መድረክ ሲቃጠል 167 ሰው ሞተ። አንድ ፓምፕ ላይ ያለው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ለጥገና ተነስቶ ነበር። ያንን የሚናገረው ወረቀት ለማታው ሺፍት አልደረሰም። ሌላው ፓምፕ ሲቆም ይህንኛውን አስነሱት። ፐርሚት ነበራቸው እኮ። የጠፋው ርክክቡ ነው። ስለዚህ ሺፍት ሲቀያየር አጠገባቸው ቁምና ስማ። ያልተዘጋ ፐርሚት በስሙ ተጠራ ወይስ «ሁሉም ሰላም ነው» ተብሎ ታለፈ?

ሰው ውስጥ ሳለ ማሽኑን ማንም እንዳያስነሳው ብሬከሩ ላይ የሚንጠለጠለውን ቁልፍ በተመለከተ ጠቃሚዋ ዘዴ ቀላል ናት። ፋብሪካው ለጥገና ሲቆም የሲሚንቶ ወፍጮው ውስጥ ስንት ሰው እንደገባ ቁጠር። ከዚያ ኤምሲሲ ክፍል (የሞተሮቹ ብሬከሮች ያሉበት) ሂድና ብሬከሩ ላይ ስንት ቁልፍ እንደተንጠለጠለ ቁጠር። ውስጥ ዘጠኝ ሰው ኖሮ ብሬከሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ካለ፣ ሰባቱ በሌላ ሰው ትዝታ ነው የሚኖሩት። ፎርማኑ ለሁሉም አንድ ቁልፍ አድርጎ ትርፍ መክፈቻ ኪሱ ውስጥ ከያዘም አይቆጠርም። ከቆለፉ በኋላ ማስነሻውን ተጭነው ሞክረዋል? እሱንም ጠይቅ።

ኮንቬየር ላይ ያለውን የአደጋ ማቆሚያ ገመድ ደግሞ በዓይን አትለፈው፤ ይጎተት። ኮንትሮል ሩምን አስማምተህ፣ ቤልቱ ባዶውን እየሄደ፣ ኤሌክትሪሻኑ ይጎትተው። ገመዱ ረግቦ ሁለት ክንድ ከተጎተተ በኋላ የሚሠራ አለ። ጭራሽ የማይሠራም አለ፤ ምክንያቱም «ዝም ብሎ እያቆመ አስቸገረን» ተብሎ ጃምፐር ተደርጎበታል፣ ማለትም በሽቦ ታልፏል። ለዚህም ከአውቶሜሽን ልጆቹ በፒኤልሲው (ማሽኖቹን በሚያዘው ኮምፒውተር) ላይ ፎርስ የተደረጉ፣ ማለትም እውነተኛው ንባብ ቀርቶ በእጅ እሴት የተሰጣቸው፣ ሲግናሎችን ዝርዝር አስወጣ። በስንት መከላከያ ላይ ፎርስ ተደርጓል? ማን ፈቀደ? ስንት ቀን ቆየ? ይህን ዝርዝር ያየ ቦርድ ስለ ዜሮው መጠየቁን ይተዋል። የከሰል ወፍጮውን የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያም አትርሳ፤ ለመጨረሻ ጊዜ በናሙና ጋዝ የተፈተሸው መቼ ነው? ለጠባብ ቦታ የሚያገለግለው የጋዝ መለኪያም እንዲሁ። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ሰው አይገባም፤ መሣሪያው ራሱ ካልተፈተሸ ግን የሚያሳየው ቁጥር ወሬ ነው።

የእሳት ማጥፊያ፣ ምልክት፣ የመሰላል ቀለም፣ የንጽሕና ነገር፣ እነሱን ለክፍል ኃላፊዎቹ ተው። በየወሩ ይዩዋቸው።

አሁን ደግሞ ወደተደበቀው ነገር። ያ ዜሮ እውነት መሆኑን ክሊኒኩ ያውቃል። ነርሷን ስም ሳትጠይቅ ቁጥር ብቻ ጠይቃት፦ በዓመቱ ስንት ቃጠሎ፣ ስንት የዓይን ጉዳት፣ ስንት ስፌት መጣ? ከአንተ የአደጋ መዝገብ ጋር አስተያየው። ክሊኒኩ ሠላሳ ቃጠሎ አክሞ አንተ ጋ ሁለት ከተመዘገበ ዜሮህ ፈረሰ። እግሩ የተሰበረውን ሰው በመኪና አምጥቶ ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥና «ቀላል ሥራ ላይ ነው» ማለት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ታውቀዋለህ። በማሸጊያ ክፍል ከረጢት የሚጭኑት የኤጀንሲ ልጆችስ? ሰዓታቸውም ጉዳታቸውም ካልተቆጠረ ስሌቱ የግማሽ ፋብሪካ ስሌት ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ አደጋን እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ይህ የጌጥ ሥራ አይደለም።

ለጥቂት የታለፈ አደጋ ሪፖርት ሲበዛ ደግሞ አትደንግጥ። በመጀመሪያው ዓመት መብዛት አለበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ! ዜሮ ለመጣበት ሺፍት ቦነስ የምትከፍሉ ከሆነ የምትገዙት ዝምታ ነው፤ ዘንድሮውኑ ይቅር። የሪፖርቱን ብዛት ሳይሆን የተስተካከለውን ለካ። ከባድ ከተባሉት ውስጥ በ30 ቀን ውስጥ ስንቱ ተዘጋ? «ተዘጋ» ስል ደግሞ አንተ ሄደህ ያየኸውን ነው እንጂ በኢሜይል ተዘጋ የተባለውን አይደለም።

ሰዎቹን ስታነጋግር «ሎክ-አውት ታውቃለህ?» አትበል። ሁሉም አዎ ይልሃል። «ለመጨረሻ ጊዜ የቆለፍከው መቼ ነው? እስቲ አሳየኝ» በል። ሄዶ ቁልፉን ሲፈልግ የሚፈጅበትን ጊዜ ተመልከት። ይህን ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አድርገው፤ ቀን ላይ ሁሉም ቅዱስ ነው። ከተቻለ አንተ ብቻህን አትሁን። የኤሌክትሪክ ኃላፊው ሜካኒካሉን፣ የሜካኒካሉ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ይመርምር። የሰው ቤት ጉድፍ ቶሎ ይታያል፤ ከዚህም ሌላ እርስ በርስ ይማማራሉ።

ለሥራ አስኪያጁ አንድ ቁጥር ብቻ አትስጠው። አንድ ገጽ ስጠው። በላዩ የጉዳት መጠኑ፣ ኮንትራክተሮቹን ጨምሮ፣ በስንት እንደተባዛ ተጽፎ ይቀመጥ። ከሥሩ ከሃያ ሥራ ስንቱ ፐርሚት እንደነበረው፣ ከተፈተኑት መከላከያዎች ስንቱ እንደሠራ፣ ስንት ፎርስና ጃምፐር እንዳለ፣ ከባድ ጉድለቶች በስንት ቀን እንደተዘጉ። በየወሩ ያው ገጽ፣ ያው አለካክ። ቁጥሩ መጥፎ ሲሆን አለካኩን እንድትቀይር ይጠይቁሃል። አትቀይር።

«ይህን ለቦርድ ማቅረብ አልችልም» ካለህ አትጨቃጨቅ። ሳይክሎኑን፣ የቁልፉን ቆጠራና የፎርሱን ዝርዝር በደብዳቤ አድርገህ ቀን ጽፈህ ስጠው፤ ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርም። ቅጂውን ለደኅንነት ኮሚቴው አስገባ፣ አንዱን ራስህ ዘንድ አስቀር።