«ፓፑዋን» የቋንቋ ቤተሰብ ስም አይደለም

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ የአሎርና የፓንታር ደሴቶች ቋንቋዎች «ፓፑዋን» ከተባሉ፣ አንዱ ካርታ ከኒው ጊኒ ጋር ሲያዛምዳቸው ሌላው ለምን ለብቻ ያስቀምጣቸዋል?

ተማሪ እያለሁ እኔንም ግራ አጋብቶኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። «ፓፑዋን» ማለት በኒው ጊኒና በአካባቢዋ ካሉት ቋንቋዎች ውስጥ ኦስትሮኔዥያዊ (እነ ማላይ ያሉበት ሰፊ ቤተሰብ) ያልሆኑትን በጅምላ መጥሪያ ነው። ዝምድናን አያሳይም።

አሎርና ፓንታር ከቲሞር በስተሰሜን ያሉ የኢንዶኔዥያ ደሴቶች ናቸው። አንድ ጊዜ ለኮርስ ሥራ አቡይ የተባለውን የአሎር ቋንቋና ቴይዋ የተባለውን የፓንታር ቋንቋ ቃላት አወዳደርኩ። በአቡይ «ሃታንግ» አለ፣ በቴይዋ ደግሞ «ሃታን»። አገኘሁት ብዬ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። መምህሬ በቀይ ሰረዘብኝ። ለካ የአቡዩ «የሱ እጅ» ሲሆን የቴይዋው «ያንተ እጅ» ነው! «እጅ» የሚለው ሥር በእርግጥ አንድ ነው። የአቡይ «ሃ» እውነተኛ ዘመድ ግን የቴይዋ «ጋ» ነው፤ የጥንቱ «ግ» በአቡይ «ህ» ሆኗል። እኛም ቤት አለ እኮ፦ ትግርኛ «ኮነ» ሲል እኛ «ሆነ»፣ «ክልተ» ሲል «ሁለት» እንላለን። ዝምድና የሚመሰከረው እንዲህ በተደጋገመ ለውጥ ነው። ዓይን ያታልላል።

ወደ ካርታዎቹ ስመለስ፣ የቋንቋ ሊቁ ዉርም እ.ኤ.አ. በ1975 እነዚህን ቋንቋዎች ትራንስ ኒው ጊኒ በሚባለው ግዙፍ ቤተሰብ ውስጥ ከተታቸው። ማልኮም ሮስም በ2005 በተውላጠ ስሞች ተመርኩዞ እዚያው አቆያቸው። በሁለቱም ወገን «ና» ለ«እኔ» መሆኑ ይገጥማል። ግን የትራንስ ኒው ጊኒው «ጋ» «አንተ» ነው፣ የአሎር-ፓንታሩ «ጋ» ደግሞ «እሱ»። በቀይ ለተሰረዘበት ሰው ይሄ ያስፈራል።

በ2014 ሆልተንና ሮቢንሰን ማስረጃውን ፈትሸው አይበቃም አሉ። በዚያው ዓመት ሻፐርና ባልደረቦቿ ቡናክ፣ ማካሳይና ፋታሉኩን የመሳሰሉት የቲሞር ቋንቋዎች የአሎር-ፓንታር ዘመድ መሆናቸውን በድምፅ ለውጥ አሳዩ። ቲሞር-አሎር-ፓንታር ለብቻው የቆመው ያኔ ነው። በ2022 ግን ኡሸርና ሻፐር ቤተሰቡን በምዕራብ ኒው ጊኒ ካሉት የምዕራብ ቦምበራይ ቋንቋዎች ጋር አገናኙት። መሃላቸው 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር አለ!

ስለዚህ ሁለቱ ካርታዎች የታተሙበትን ዓመት እስኪ እይልኝ። የቲሞሩን ዝምድና እኔ ዓይኔን ሳላሽ እቀበላለሁ። የቦምበራዩን ደግሞ ከዉርሙ ይልቅ አምነዋለሁ፤ ቢያንስ የድምፅ ለውጡን ዘርዝረው አሳይተዋል።