ስምንትን ማን በላው?

ጥያቄ፦ ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ማታ ሂሳብ ስዘጋ ልጄ መጣና «እማዬ፣ 12345679ን በ9 አባዢልኝ» አለኝ። 8ን ዘለልከው ብዬ ላስገባ ስል «ተዪው፣ እንዲሁ ነው» አለ። የሱቁ ካልኩሌተር «ኢ» ብሎ ቀጥ አለ። በስልኬ ሳባዛው 111111111 መጣ። ስልኩ ነው የሚቀልደው? 8ስ የት ሄደ?
የልጅ እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ካልኩሌተርዎን እንዳይጥሉት፤ ደህና ነው። 8 አኃዝ ብቻ የሚይዝ ይመስለኛል። መልሱ ደግሞ 9 አኃዝ አለው፤ አልበቃውም። ስልኩም አልቀለደም።

ወደ 8 እንምጣ። 1ን ለ81 ቢያካፍሉ 0.012345679012345679 እያለ ማለቂያ የለውም። ያው የልጅዎ ቁጥር ነው። 1ን ለ81 ማካፈል ማለት 1ን ለ9 አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት ነው። ይህ ሲሰላ በየቤቱ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ በተራ ይመጣል። ጣጣው ከ10 ይጀምራል። 10 በአንድ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ አንዱን በግራው ላለው ለ9 ያቀብላል። 9ም 10 ይሆንና ዜሮ ጽፎ አንዱን ለ8 ይሰጣል። 8 በተራው 9 ሆነ። እዚያ የሚያዩት 9 እኮ 8 ነው፤ አንድ ተደርቦበት።

እኔ ከዚህ ቁጥር ጋር የተዋወቅሁት ኮምቦልቻ ሂሳብ ሳስተምር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ፣ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ አባዛው ነበር። በዚያ ጥምዝምዝ የጻፍኩትን ማንበብ ራሱ ሌላ ሂሳብ ነው! በ2 ሲባዛ 24691358 ይሆናል፤ 7 የለም። በ4 ሲባዛ 49382716፤ 5 የለም። በ5 ሲባዛ 61728395፤ 4 የለም። በ7 ሲባዛ 2 ይጠፋል፣ በ8 ሲባዛ 1። ዜሮን ተዉትና ሌሎቹ አንድ አንድ ጊዜ ይመጣሉ። ያባዛንበትና የጠፋው ሲደመሩ ደግሞ ሁሌም 9 ናቸው። ይህን ሳገኝ ጮክ ብዬ «አገኘሁት!» ብዬ ረዳቱን አስደንግጬዋለሁ። ሂሳብ የጠፋበት ሰው መስዬው ይሆናል።

በ3 እና በ6 ግን ጨዋታው ይፈርሳል። በ3 ሲባዛ 37037037፣ በ6 ሲባዛ 74074074 ነው የሚመጣው። 37ቱን ግን ልብ ይበሉ። ቁጥራችን ራሱ 37 በ333667 ሲባዛ የሚገኝ ነው። አኃዞቹን አንድ በአንድ ቢደምሯቸውም 37 ይመጣል። ለዚህኛው ምክንያት አልፈልግለትም፤ መገጣጠም ነው።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ልጁን «ከ1 እስከ 9 የምትወደው የቱን ነው?» ይበሉት። 7 ካለዎት በልብዎ በ9 ያባዙት፣ 63። ከዚያ «12345679ን በ63 አባዛው» ይበሉት። 777777777 ይመጣለታል። በስልክ ይሥራው ታዲያ፤ የሱቁ ማሽን አሁንም «ኢ» ነው የሚለው።