በግብይት ፖርታል በኩል የካርድ ነጥብ መሰብሰብ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ላፕቶፑ፣ ጫማውና የሕፃናት ልብሱ አሜሪካ በሚኖር ወንድም ወይም እኅት ካርድ ተገዝቶ በሻንጣ የሚመጣላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ይህንኑ ግዢ በግብይት ፖርታል፣ ማለትም ገዢውን ወደ ኢንተርኔት ሱቆች በሚያሻግር ድረ ገጽ፣ በኩል የሚፈጽም ሰው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር፣ ካርዱ ከሚሰጠው በገንዘብ ወይም በትኬት ከሚመነዘር ነጥብ በላይ ሌላ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። በዚህ ጉዳይ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ፤ የምናገረውም አሜሪካ ውስጥ ስላለው አሠራር ነው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ፖርታል የሚባለው ምንድን ነው? ነጥቡንስ ማን ይከፍላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የነጥቡ ገንዘብ የሚወጣው ከሱቁ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጡ ሱቆች ገዢ ላመጣላቸው አካል ከሽያጩ በመቶኛ የታሰበ ኮሚሽን ይከፍላሉ። ፖርታሉ ቀፊራ ገበያ ላይ ገዢውን ነጋዴው ዘንድ እንደሚያደርስ ደላላ ነው፤ ልዩነቱ ከነጋዴው የተቀበለውን ድለላ ለብቻው አለመያዙና ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ ወይም በነጥብ ለገዢው ማካፈሉ ነው። በሥራው ከቆዩት አንዱ ራኩተን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ኢቤትስ በሚል ስም ተመሥርቶ በ2014 የጃፓኑ ራኩተን ኩባንያ ገዝቶታል። ዩናይትድ፣ አሜሪካንና ዴልታ አየር መንገዶችም የየራሳቸው ፖርታል አላቸው፤ እነርሱ የሚከፍሉት በማይል፣ ማለትም ትኬት በሚገዛበት የአየር መንገድ ነጥብ፣ ነው።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ በፖርታል ከገዛን ካርዱ ራሱ የሚሰጠው ነጥብ ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም፤ ሁለቱም ይገኛሉ። የ120 ዶላር ጫማ ተገዛ፣ ግብርና የማድረሻ ክፍያ ደግሞ 15 ዶላር ሆነ እንበል። ፖርታሉ በዶላር 5 ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ የሚያስበው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ስለሆነ 600 ነጥብ ይሰጣል፤ በዶላር 1 ነጥብ የሚሰጠው ካርድ ግን የሚቆጥረው የተከፈለውን በሙሉ ስለሆነ 135 ይጨምራል። ድምሩ 735 ነው። ካርዱ ብቻውን ቢሠራ ኖሮ የሚገኘው ያው 135 ነበር።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጀጎል)፦ እኅቴ በፖርታል ገብታ ስልክ ገዛች፤ ነጥቡ ግን አልተመዘገበላትም። ምን አጠፋች?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሱቁ ገዢዋን ማን እንዳመጣት የሚያውቀው በብራውዘሯ ውስጥ በሚቀመጥ ኩኪ በሚባል ምልክት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ኮሚሽኑ የሚሰጠው ከክፍያው በፊት ለተጫነችው የመጨረሻ ሊንክ ባለቤት ነው። እኅትዎ ልትከፍል ስትል «ኩፖን ልፈልግልሽ» የሚል መስኮት ብቅ ብሎ እሺ ብላው ከነበረ፣ ያ ፕሮግራም የፖርታሉን ምልክት በራሱ ተክቶት ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያ የሚያግድ ፕሮግራምም ምልክቱ ከመጀመሪያው እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ፖርታሉ ያልፈቀደው የቅናሽ ኮድ ከገባ፣ ወይም በስጦታ ካርድ ከተከፈለ፣ ሱቁ ኮሚሽኑን ሊከለክል ይችላል። አንዳንድ ሱቆች ደግሞ ስልክንና ኮምፒውተርን ከነጥቡ ውጭ ስለሚያደርጉ፣ በሱቁ ስም ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ሳያነቡ መግዛት አይገባም።

ከእንግዲህ እንዲህ ታድርግ፦ አስቀድማ በሱቁ ቅርጫት ውስጥ ያስቀመጠችውን ታውጣ፤ ማስታወቂያ አጋጁንና ኩፖን ፈላጊውን ትዝጋ፤ ከዚያ ፖርታሉ ውስጥ በስሟ ገብታ የሱቁን ስም ትጫን፤ በተከፈተላት ገጽ ላይ ዕቃውን መርጣ ወደ ሌላ ገጽ ሳትወጣ ክፍያውን ትጨርስ። የትዕዛዝ ቁጥሩንና ፖርታሉ ያሳያትን የነጥብ መጠን ፎቶ አንስታ ብታስቀምጥ፣ ነጥቡ በቀረ ጊዜ ለፖርታሉ የምታቀርበው ማስረጃ ይኖራታል።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ብዙ ነጥብ የሚሰጠውን ፖርታል እንዴት እንለይ?

መልስ፦ ካሽባክ ሞኒተር የሚባል ድረ ገጽ ላይ የሱቁን ስም ብታስገቡ የየፖርታሉን ክፍያ ጎን ለጎን ያሳያል፤ ክፍያው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በምትገዙበት ቀን ተመልከቱት። ቁጥሩ የበዛው ሁሉ ግን የተሻለ አይደለም፤ አንድ ማይልና አንድ የባንክ ነጥብ ዋጋቸው አይተካከልም። ከሁሉ አስቀድሞ የዕቃውን ዋጋ አወዳድሩ። ሌላ ሱቅ በ100 ዶላር የሚሸጠውን ጫማ ለ600 ነጥብ ብሎ በ120 የሚገዛ ሰው ከስሯል፤ ዕቃው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝ ከሆነም እዚሁ መግዛቱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥያቄ (ከለገሃሬ)፦ ነጥቡ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ መንገዱ ግን ቀጥታ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ዩናይትድም ያለበት ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ፣ በዩናይትድ ፖርታል የተሰበሰበ ማይል የኢትዮጵያን በረራ ለመያዝ ያገለግላል። ሁለተኛው መንገድ ራኩተን ነው፦ የአሜሪካን ኤክስፕረስ የነጥብ ካርድ ያለው ሰው ሒሳቡን አገናኝቶ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ፋንታ በነጥብ እንዲሆን ቢመርጥ፣ ለ1 ሳንቲም 1 ነጥብ ይቆጠርለታል። ነጥቡም ኤሮፕላን (Aeroplan) ወደሚባለው የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም ይዛወራል፤ ኤር ካናዳም የዚያው ኅብረት አባል ነው። ራኩተን የሚከፍለው በየሦስት ወሩ ስለሆነ፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች የተመዘገበው የሚገባው ሜይ 15 ነው። በአሜሪካው በጋ ለመጓዝ ያሰበ ዘመድ ይህን አስቀድሞ ይቁጠር።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ እኔስ በባንክ ካርዴ እዚሁ ሆኜ ልጀምር?

መልስ፦ አልመክርም። እነዚህ ፖርታሎች የተዘጋጁት ለአሜሪካ ነዋሪዎች ነው፤ እኛ እጅ ያለው ካርድም በአብዛኛው ከሒሳባችን ላይ የሚቆርጥ እንጂ ክሬዲት ካርድ አይደለም። ገዢው ዘመዳችሁ ነው፤ ሊንኩን የሚጫነውም እርሱ መሆን አለበት።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ 3,000 ብር ካስገባሁ በነጥብ ትርፍ እንደሚሰጠኝ አንድ ሰው በቴሌግራም ነግሮኛል። ልመነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እባክሽ አንድ ብር እንዳትልኪ። እውነተኛ ፖርታል የመግቢያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ነጥብም የሚገኘው ዕቃ ሲገዛ ብቻ ነው። የካርድ ቁጥር ወይም በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅ ካለም ሌባ ነው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ልጄ የካርዱን ዕዳ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ነው የሚከፍለው። ነጥቡ ይጠቅመዋል?

መልስ፦ አይጠቅመውም፣ እናቴ። 1,000 ዶላር ዕዳ በዓመት 24 በመቶ ቢታሰብበት የአንድ ወር ወለዱ 20 ዶላር ገደማ ነው፤ 1,000 ነጥብ ግን በጥሬ ገንዘብ ቢመነዘር ብዙ ጊዜ ከ10 ዶላር አይበልጥም። አስቀድሞ ዕዳውን ይዝጋ፤ ፖርታሉ የትም አይሄድም።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ጫማው ልኬ ባይሆን ነጥቡ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ዕቃው ሲመለስ ነጥቡም ይሰረዛል፤ ፖርታሎች ነጥቡን ብዙ ጊዜ የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። በሌላ ልክ ሲቀየርም ሱቁ እንደ አዲስ ግዢ ሊቆጥረው ስለሚችል፣ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን ተቀብሎ በፖርታሉ በኩል እንደገና መግዛት ይሻላል። ጫማው ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ መመለሱ ስለማይታሰብ፣ የእግራችሁን ርዝመት በሴንቲሜትር ለክታችሁ አስቀድማችሁ ላኩ።