ሴራሚክ ሳህንሽን የሰበረው ኦቨኑ አይመስለኝም

እህቴ፣ እንኳን አንቺን ሳይነካሽ ቀረ፣ ዕቃው ይተካል። ጥያቄዋን ላላያችሁ ባጭሩ፦ እህታችን በነጭ የሴራሚክ ጎድጓዳ ሳህን ላዛኛ ጋገረች። ደህና አድርጎ ወጣላት። ሲንኩ አጠገብ እንዳስቀመጠችው ብዙም ሳይቆይ «ቷ» ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ሳህኑ የሠርግ ስጦታ ነው፣ መሰሎቹ ገና ካርቶን ውስጥ አሉ። የኦቨኑ ሙቀት በዝቶ ነው ወይስ ዕቃው ነው ችግሩ? የቀሩትን ልጠቀምባቸው? ከቀጨኔ የገዛሁት የሸክላ ድስትስ ኦቨን ይገባል? የተሰበረውንስ በማጣበቂያ ላያይዘው? ይኸው ነው ጥያቄዋ።

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ እቤቴ በትዕዛዝ ምግብ እሠራለሁ። ላዛኛ፣ ፓስታ በኦቨን፣ ዓሳ፣ በጾም ደግሞ የአትክልት ላዛኛ። አብዛኛውን የምጋግረው በሴራሚክ ነው፣ ምክንያቱም ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ምግቡ ደንበኛ ቤት እስኪደርስ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ የዕለት ሥራዬ ነው፣ ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

ኦቨኑን አትጠርጥሪው። ላዛኛ የሚጋገረው በ180 ወይም በ200 ዲግሪ ነው። ሳህኑ ራሱ ሲሠራ ግን 1,000 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሆነ እሳት ውስጥ አልፏል፣ ፖርሴሊን ከሆነ ደግሞ ከ1,200 በላይ። ሙቀት ብቻውን አይሰብረውም። የሚሰብረው የሙቀቱ ድንገት መለዋወጥ ነው። ሴራሚክ ሙቀትን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ቶሎ አያስተላልፍም። አንዱ ጎን ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሌላው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ባለበት ይቆያል፣ ሁለቱ ይጓተታሉ። ብረት ቢሆን ትንሽ እጥፍ ብሎ ይችለዋል። ሴራሚክ መተጣጠፍ ስለማይችል ይሰነጠቃል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልንገርሽ፣ ያንቺም ሳህን የተሰበረው በዚህ ይመስለኛል። ሁላችንም የምንጠነቀቀው ስናስገባ ነው። ማውጣቱ ግን የባሰ ነው። ሴራሚክ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲስቡት ደካማ ነው። ቀዝቃዛ ሳህን የሞቀ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ላዩ ሊለጠጥ ይሞክራል፣ ያልሞቀው ውስጡ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ላዩ ይጨመቃል። መጨመቅን ደግሞ በደንብ ይችላል። የጋለ ሳህን ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ነገሩ ይገለበጣል። የነካው ገጽ ወዲያው ይኮማተራል፣ ውስጡ ግን ገና በሙቀት እንደተለጠጠ ነው፣ በዚህ ጊዜ ላዩ ይሳባል። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። ሲንክ አጠገብ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ ግራናይት ወይም ሴራሚክ ንጣፍ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ የውሃ ጠብታም አይጠፋበትም። ከኦቨን የወጣ ሳህን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ቂጡ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከመድፋት ብዙም አይለይም።

ስለዚህ ኦቨኑን ከመክፈትሽ በፊት ማረፊያውን አዘጋጂ። ደረቅ የእንጨት መክተፊያ ወይም እጥፍጥፍ ያለ ደረቅ ፎጣ ይበቃል። ደረቅ የሚለውን አጥብቄ ነው የምለው። የምትይዢበት ጨርቅም እንደዚያው። እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ቶሎ ወደ እጅሽ ያስተላልፋል፣ ውሃውም እንፋሎት ሆኖ ያቃጥልሻል፣ ደንግጠሽ ትለቂዋለሽ። የኩሽና ጨርቃችን ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ዕቃ ስንወለውልበት ውለን በዚያው ድስት እናወርዳለን። ለኦቨን ብቻ የሚሆን ወፍራም ጓንት ግዢ። ሌላው፣ ምግቡ ደረቀ ብለሽ በጋለ ሳህን ላይ ቀዝቃዛ ወተት ወይም ውሃ አትጨምሪ። መጨመር ካለብሽ አሙቀሽ፣ ከዳር ሳይሆን ምግቡ መሃል ላይ፣ ቀስ እያልሽ። በልተው እንደጨረሱም ሳህኑን ወዲያው ቧንቧ ሥር አትውሰጂው። እጅሽን አስደግፈሽ ካልቻልሽው ገና ነው።

ወደ ማስገባቱ ስንመጣ ዋናው ጠላት ፍሪጅ ነው። ላዛኛውን ማታ አዘጋጅቶ ማሳደር ጥሩ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ከፍሪጅ አውጥተሽ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን አታስገቢ። አንድ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ። ፍሪዘር ውስጥ የነበረ ከሆነ ደግሞ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው። ጊዜ ከሌለሽ ለበረዶ ምግብ የብረት ትሪ ተጠቀሚ፣ ሴራሚኩን ተዪው። ባዶ ሳህንም ኦቨን ውስጥ አታግዪ።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትንሹን ኦቨን የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሞቂያ ዘንጎቹ ለሳህኑ በጣም ቅርብ ናቸው። ሳህኑ ዘንጉን መንካት የለበትም፣ ጠርዙም በጣም መቅረብ የለበትም፣ ምክንያቱም አንዷ ቦታ ብቻዋን ትግላለች። ከመሃል ዝቅ ያለው መደርደሪያ ላይ አድርጉት። ላዩ ቡናማ እንዲል ብቻ የላይኛውን ግሪል ለረጅም ጊዜ መክፈትም ሴራሚክ አይወደውም። እኔ ሳህኑን በብረት ትሪ ላይ አድርጌ ነው የማስገባው፣ ሲወጣ ትሪውን ነው የምስበው፣ የፈሰሰ ሶስም እዚያው ይቀራል።

የከተማችንም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓስታው፣ ድንቹ ቶሎ አይበስልም። ሰው ታዲያ ይሰለችና ኦቨኑን ወደ 250 ያወጣዋል። ምግቡ ውስጥ ያለው ውሃ ከመፍያው በላይ ስለማይሞቅ መሃሉ ያን ያህል አይፈጥንልሽም፣ ላዩ ይደርቃል፣ ሳህኑ ግን ያለ ጥቅም ይጨነቃል። ፓስታውን ወይም ድንቹን ቀድመሽ በድስት ቀቅይው፣ ኦቨኑ 180 ላይ ይቆይ።

መብራት ሲጠፋስ? በሩን አትክፈቺ። ኦቨኑና ሳህኑ አብረው ቀስ እያሉ ይቀዘቅዛሉ፣ ለዕቃው ከዚህ የተሻለ ማቀዝቀዣ የለም። መብራቱ ቶሎ ከመጣ እዚያው ቀጥዪ። ሳህኑን አውጥተሽ ጋዝ ምድጃ ላይ ለመጨረስ ግን እንዳትሞክሪ። ኦቨን ከየአቅጣጫው ነው የሚያሞቀው፣ የምድጃ እሳት ግን ከሥር አንድ ቦታ ይገርፈዋል። አንድ ጎረቤቴ በበዓል ዋዜማ እንዲህ አድርጋ ሳህኑ ቂጡ ወልቆ ሶሱ ሁሉ ምድጃው ላይ ፈሰሰ።

አሁን ካርቶን ውስጥ ወዳሉት እንምጣ። ገልብጠሽ ታቹን እዪ። «ኦቨን ሴፍ» የሚል ጽሑፍ ወይም የኦቨን ሥዕል ካለው ይገባል። «ማይክሮዌቭ ሴፍ» ብቻ የሚል ከሆነ ለኦቨን ፈቃድ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ምንም ካልተጻፈበት ታቹ ላይ ያለውን የሚያብረቀርቀው ሽፋን ያልነካውን ሻካራ ቀለበት ፈልጊና አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበት። ውሃው ከሰረገ ዕቃው በዝቅተኛ ሙቀት የተጠበሰና ቀዳዳ የበዛበት ነው። እንዲህ ያለው ሲታጠብ ውሃ ይጠጣል፣ ኦቨን ውስጥ ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል፣ ሽፋኑንም ዕቃውንም ይሰነጥቃል። ለገበታ አስቀሪው። ጠብታው እንዳለ ከቆመ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ስስ የሻይ ሳህንም ጠብታ ያቆማልና። ወፈር ያለ፣ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ፣ ማዕዘኑ ክብ ያለ ዕቃ ይሻላል። ጠርዙ የተሸረፈ ከሆነ አታስገቢው፣ ስንጥቅ ከሽርፍ ነው የሚነሣው። ከዚያ በጣትሽ አንኳኪው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ምልክት ነው፣ የታፈነ ድምፅ ካለው ውስጡ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል።

የወርቅ ወይም የብር ጠርዝ ያለውን ማይክሮዌቭ ውስጥ በፍጹም፣ ብልጭታ ያነሣል። ኦቨን ውስጥም ጠርዙ ሊበላሽ ይችላል።

ከመሰበር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፣ ሊድ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት። አንዳንድ ሽፋንና ቀለም ውስጥ ሊድ ወይም ካድሚየም የሚባል ሌላ መርዛማ ብረት ይኖራል። በደንብ በተሠራ ዕቃ ላይ ታስሮ ይቀራል። በደንብ ያልተሠራ ከሆነ ግን ኮምጣጣ ምግብ ያወጣዋል፣ ሙቀትና ረጅም ቆይታ ደግሞ ያባብሰዋል። የላዛኛ ሶስ ቲማቲም ነው። ዓሳው ላይ ሎሚ አለ፣ ሰላጣው ላይ አቼቶ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን አይታወቅም ይላል፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። በዓይን አይታይም፣ በማሽተትም በመቅመስም አይለይም። ስለዚህ ምግብ የሚነካው ውስጠኛው ክፍል ላይ ደማቅ ሥዕል ያለበት፣ ቀለሙ በጣት ሲዳሰስ ከፍ ብሎ የሚሰማ፣ ወይም ሽፋኑ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ የተሞላ ሳህን ካለ ዳቦ ወይም ቆሎ አቅርቢበት እንጂ ምግብ አትጋግሪበት፣ ተራፊ ምግብም አታሳድሪበት። ለጌጥ ተብሎ የተሠራውንማ ለምግብ አታውዪው። ለኦቨን ስትገዢ ውስጡ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ አንድ ቀለም ያለውን ምረጪ። ውድ መሆን የለበትም።

የቀጨኔው ድስትሽ ይገባል፣ ግን በራሱ ሕግ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች የሚሠሩት ያለ ሽፋን ነው፣ የሚጠበሰውም በግልጽ እሳት ስለሆነ ሙቀቱ ከፋብሪካው ዕቃ ያንሳል። ቀዳዳ የበዛበት፣ ሸካራ ጭቃ ነው። ሰው ደካማ ይመስለዋል። እንዲያውም ያ ሸካራነቱ ትንሽ ስንጥቅ ተነሥቶ ርቆ እንዳይሄድ ያግዘዋል፣ ለዚህ ነው ወጥ በእሳት ላይ የሚሠራበት። ጠላቱ እርጥበትና ችኮላ ነው። መጀመሪያ አሟሺው። አጥበሽ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀሽ፣ ውስጥና ውጩን ዘይት ቀብተሽ በቀስታ አሙቂው፣ እንዲሁ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው ነው፣ ቅባቱ ቀዳዳውን ይሞላዋል። ከዚያ ኦቨን ስትጠቀሚ ኦቨኑ ቀዝቃዛ እያለ አስገቢውና አብረው ይሙቁ፣ በ100 ጀምረሽ ቀስ በቀስ ወደ 180 አውጪው። ስታጥቢው ሳሙና አታብዢ፣ ይጠጣዋልና፣ በሚቀጥለው ወጥ ላይ ይመጣል። በደንብ ሳይደርቅ ቁም ሳጥን ውስጥ አትዝጊበት፣ ይሻግታል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባውን ግን አትሞክሪው። በግ በሸክላ ድስት፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ 150 ላይ ለረጅም ሰዓት ሲበስል ሞክሪውና ከዚያ ጻፊልኝ።

ኮሜንት ላይ ስለ ፓይሬክስ የጠየቃችሁ፣ ያ መስታወት ነው፣ የማስቀመጫና የፍሪጁ ሕግ ግን አንድ ነው። ዋናው ስሙ ሳይሆን የመስታወቱ ዓይነት ነው። ቦሮሲሊኬት የሚባለው ዓይነት በሙቀት የሚለጠጠው ከተራው መስታወት በጣም ባነሰ ስለሆነ ይሻላል። «ሴራሚክ መጥበሻ» እየተባለ የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ሆኖ ላዩ ብቻ የተቀባ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ እጀታው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ኦቨን አይገባም።

የተሰበረውን አታጣብቂው። ማጣበቂያው ሙቀት ሲያገኘው ይለቃል፣ ለምግብም የተሠራ አይደለም። ላዛኛውንም፣ ይቅርታ፣ ካልደፋሽው ድፊው። መሃሉ ደህና ቢመስልም ስባሪው የት እንደበረረ አይታወቅም፣ ልጆች ካሉ ደግሞ ይባስ። የቀሩትን ሳህኖች ታቻቸውን ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ ምልክቱን አይቼ የቱ እንደሚገባ እነግርሻለሁ።