እንግሊዝኛ ለምታነቡ ልጆቼ፦ የ«ቦርድ» ነገር

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በትርጉም ሥራ ነው። ውል፣ ሪፖርት፣ የማሽን መመሪያ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ያልነካሁት የለም። ከእናንተ ዘወትር የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቃላት እንዴት ላብዛ?» በየቀኑ አዳዲስ ቃል እየያዛችሁ እንደሆነም ትነግሩኛላችሁ። ጎሽ፣ በርቱ። እኔ ግን የምላችሁ ሌላ ነው። አዲስ ቃል መሸምደዱን ለጊዜው ገታ አድርጉና፣ ከልጅነታችሁ ጀምሮ የምታውቋቸውን አጫጭር ቃላት እንደገና እዩዋቸው።

ለምን? የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ ትቆማላችሁ። ትጠይቃላችሁ፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ ታያላችሁ። የምታውቁት ሲገጥማችሁ ግን ዝም ብላችሁ ታልፉታላችሁ። እንዳርማቸው ከተሰጡኝ ትርጉሞች ውስጥ ክፉኛ የተበላሹት ከባድ ቃል የበዛባቸው አልነበሩም። ተርጓሚው «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ያለፈው ቃል ነው ጉድ የሠራቸው።

ዛሬ አንዱን ብቻ ይዤ ላጫውታችሁ። ቦርድ።

ይህን ቃል የማያውቅ የለም። ድርጅቱ ቦርድ አለው። ቴሌቪዥን ሲበላሽ ጠጋኙ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይላል። ኪቦርድ፣ ማዘርቦርድ፣ ቢልቦርድ አማርኛ ሆነዋል ማለት ይቻላል። አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ቦርዲንግ ፓስ ይይዛል። እና ስብሰባ የሚቀመጡ ሰዎችን፣ የተቃጠለ ዕቃንና መሳፈርን ምን አገናኛቸው?

መነሻው ጣውላ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቦርድ ማለት ተጠርቦ የተስተካከለ ጠፍጣፋ እንጨት ነበር። ጣውላው እግር ላይ ሲጋደም ጠረጴዛ ሆነና ጠረጴዛውም ቦርድ ተባለ። ጠረጴዛው ላይ ምግብ ይቀርባል፣ ምግቡም ቦርድ ተባለ። ጠረጴዛውን ከበው የሚመክሩ ሰዎች አሉ፣ እነሱም ቦርድ ተባሉ። የዳይሬክተሮች ቦርድ ስሙን ያገኘው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ነው።

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ገበታ» የሚለውን የራሳችንን ቃል እዩ። ገበታ ከእንጨት የሚሠራ ዕቃ ነው። «ገበታ ቀረበ» ሲባል ምግቡ ነው። ሕፃን የሚቆጥረው የፊደል ገበታ አለ። ሠራተኛም «በሥራ ገበታው ላይ አልተገኘም» ይባላል። በዚህ ግራ የሚጋባ አማርኛ ተናጋሪ አይቼ አላውቅም። አጠገቡ ያለው ቃል የትኛው ገበታ እንደሆነ ይነግረናልና። ገበታን በአራት ትርጉሙ ያለ ችግር የሚጠቀም ሰው ቦርድ አያቅተውም። የሚያስቸግራችሁ ቃሉን አንድ ትርጉም ብቻ ሰጥታችሁ ስለያዛችሁት ነው።

አሁን ወደሚጎዳችሁ ቦታ ልምጣ። ውጭ ለመማር የምታመለክቱ ልጆች «ሩም ኤንድ ቦርድ» የሚል ሐረግ ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ። አንድ ወጣት ስኮላርሺፕ ያገኘበትን ደብዳቤ ይዞ መጣ። ደብዳቤው የትምህርት ክፍያውንና ማደሪያውን እንደሚሸፍን፣ ቦርዱን ግን እንደማይሸፍን ይናገራል። ልጁ ቦርድ ያለውን ለአንድ ኮሚቴ የሚከፈል የማመልከቻ ክፍያ አድርጎት ነበር። «ትንሽ ገንዘብ ይሆናላ» አለኝ። እዚህ ቦታ ላይ ግን ቦርድ ቀለብ ነው! ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን ከራሱ ኪስ ሊያወጣ ነው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ላይ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት ስለ ቀለቡ ጽፋችሁ ጠይቁ። ማንም አይከፋባችሁም።

ሆቴሎችም ይህንኑ ትርጉም ይጠቀማሉ። «ፉል ቦርድ» ሲሉ ከመኝታው ጋር ሦስቱም ማዕድ አለ። «ሀፍ ቦርድ» ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቁርስና እራት ብቻ ነው። «ቦርዲንግ ስኩል» የሚባለውም ከዚሁ ይመጣል። እኛ አዳሪ ትምህርት ቤት እንላለን። አማርኛው ልጁ እዚያ ማደሩን አየ፣ እንግሊዝኛው እዚያ መብላቱን። ይህቺ ልዩነት ሁልጊዜ ደስ ትለኛለች።

ሁለተኛው ትልቅ የቦርድ ዘር የባሕር ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ጠርዝ፣ በተለይም የመርከብ ጎን፣ ቦርድ ይባል ነበር። ሁለቱ ቦርዶች ከአንድ ምንጭ ይቀዱ ይሆናል፤ ዛሬ ግን አብረው ስለሚኖሩ መለየት አያስፈልገንም። «ኦን ቦርድ» መርከብ ላይ ማለት ነው። ቃሉ ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከዚያም ወደ አውሮፕላን ተሻገረ። የመርከብ ቀኝ ጎን «ስታርቦርድ» የሚባለው ከኮከብ ጋር ግንኙነት ስላለው አይደለም። በድሮ መርከቦች መሪው በቀኝ ጎን በኩል የሚያዝ መቅዘፊያ ነበር፤ የስሙ መጀመሪያ መምራት ከሚለው ቃል ነው። ግራው ደግሞ «ላርቦርድ» ይባል ነበር። ስታርቦርድና ላርቦርድ በነፋስና በማዕበል መሀል ሲጮሁ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ አስቡት። መርከበኛው ቀኝ ሲባል ግራ ቢዞር አይፈረድበትም። ስለዚህ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1844፣ የአሜሪካው ደግሞ በ1846 ግራው «ፖርት» እንዲባል አዘዙ። ወደብ ማለት ነው፤ መሪው በቀኝ ስለሆነ መርከቡ ወደቡን የሚጠጋው በግራ ጎኑ ነበርና። ዛሬም መንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ በአብዛኛው የሚገባው በግራ በኩል ባለው በር ነው።

ከባሕር የመጣ አንድ ሐረግ በተለይ ተጠንቀቁት፦ «ጎ ባይ ዘ ቦርድ»። አንድ የአደጋ ምርመራ ሪፖርት ስታነቡ «ዘ ሴፍቲ ቼክስ ዌንት ባይ ዘ ቦርድ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኛችሁ እንበል። ቦርድ ማለት የድርጅቱ ቦርድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው «የደኅንነት ፍተሻው በቦርዱ በኩል አለፈ» ብሎ ይተረጉመዋል። ሰዋስዉ አይቃወመውም፣ ለጆሮም አይከብድም። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሐረጉ የተነሳው ምሰሶ ተሰብሮ በመርከቡ ጎን ወደ ባሕር ከመውደቁ ነው። ሪፖርቱ የሚለው የደኅንነት ፍተሻው ጭራሽ ተረስቶ ቀረ ነው። አጥፊ የተባለው ክፍል በእናንተ ትርጉም ንጹሕ ሆኖ ወጣ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት መዝገበ ቃላት ብቻውን አያድናችሁም፣ ምክንያቱም ቃሉን የምታውቁት መስሏችሁ መዝገበ ቃላቱን አትከፍቱትም።

እንግዲህ ምን ይሻላል? እኔ የማደርገው ይህ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ከተረጎምኩ በኋላ የቀረውን አንቀጽ አነበዋለሁ። ፍተሻው በቦርድ ካለፈ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለምን ስለ ቸልተኝነት ያወራል? ሁለቱ ካልተስማሙ ጥርጣሬዬን የማነሳው ትንሿ ቃል ላይ ነው። «ባይ» እና «ዘ» ከቦርድ ጋር ተጣብቀው ሲመጡ ሐረግ ሊሆኑ ይችላሉና ሐረጉን እንዳለ እፈልገዋለሁ። የትርጉም ማሽን መጠቀምን አልቃወምም፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን የሰጣችሁን ከቀጣዩ አንቀጽ ጋር ማስታረቅ የእናንተ ሥራ ነው።

ካርታ ጨዋታም የራሱን ጥሏል። «አበቭ ቦርድ» ማለት ግልጽ፣ ማጭበርበር የሌለበት ነው። ቁማርተኛው እጁ ከጠረጴዛው በላይ እስከታየ ድረስ ካርታ አይሰርቅም ከሚለው ነው የመጣው። እኛም የማይታይ ክፍያን «ከጠረጴዛ ሥር» እንላለን፤ እና ይህን ለመያዝ ማንም አይቸገርም።

ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩ ደግሞ «ብሬድቦርድ» ላይ ነው የምትለማመዱት፤ ሽቦ የሚሰካበት በቀዳዳ የተሞላ ፕላስቲክ። ስሙ የዳቦ መቁረጫ ጣውላ ነው። የድሮ ሬዲዮ አፍቃሪዎች በእውነተኛ የዳቦ ጣውላ ላይ ሚስማር እየመቱ ሽቦ ያያይዙ ነበር። ጣውላው ቀርቶ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ዘለቀ። የተቃጠለው የቴሌቪዥን ቦርድም ያው ጠፍጣፋ ነገር ነው፣ እንጨቱ በፋይበርግላስና በመዳብ ተተካ እንጂ።

ፈተና ላይም ልብ በሉ። በእንግሊዝ «ኤግዛም ቦርድ» ፈተናውን የሚያዘጋጀው አካል ነው። አሜሪካዊ የሕክምና ተማሪ «ቦርዶቼን ልወስድ ነው» ሲል ግን የሚያወራው ስለ ፈተናው ራሱ ነው።

ሥራ ስትጀምሩ የሚደርሷችሁ ኢሜይሎችም በቦርድ የተሞሉ ናቸው። «ኦንቦርዲንግ» አዲስ ሠራተኛ ሥራውን የሚለማመድበት ሂደት ነው፤ መርከቡ ላይ እየወጣችሁ ነው። አለቃችሁ ሐሳባችሁን «ቴክ ኦን ቦርድ» አደርጋለሁ ካለ ሰምቶታል፣ ያስብበታል፤ ለዳይሬክተሮች ቦርድ ያቀርበዋል ማለት አይደለም። የደመወዝ ጭማሪው «አክሮስ ዘ ቦርድ» ነው ከተባለ ለሁሉም ነው። ይህ ከፈረስ እሽቅድድም ውርርድ የመጣ ነው፤ ፈረሱ አንደኛም፣ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ቢወጣ ብሎ እኩል ገንዘብ ማስያዝ። «ባክ ቱ ዘ ድሮዊንግ ቦርድ» ከሰማችሁ ደግሞ ሥራው አልተሳካምና እንደገና ከንድፉ ይጀመር ማለት ነው። ሐረጉን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1941 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ የወጣ ካርቱን ነው። አውሮፕላን ተከስክሶ ሰው ሁሉ ይሮጣል፣ ንድፍ አውጪው ግን የተጠቀለለ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ይሄዳል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሰዎች ቢያንስ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። አንዳንድ ቃል ግን የቋንቋውን ባለቤቶች ራሳቸውን ያጣላል። የቦርድ ጎረቤት የሆነው «ቴብል»፣ ጠረጴዛ የሚለው ቃል፣ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ ስብሰባ አንድን ጉዳይ «ቴብል» ማድረግ አሁኑኑ እንወያይበት ብሎ ማቅረብ ነው። በአሜሪካ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይ ማለት ነው። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጽፉ ይህንን አውስተዋል። እንግሊዞቹ አንድ አስቸኳይ ወረቀት ቴብል ይደረግ ይላሉ፣ አሜሪካኖቹ አይደረግም ይላሉ። ሁለቱም የሚፈልጉት በጉዳዩ ላይ ቶሎ መነጋገር ነበር። የሚፈልጉት አንድ መሆኑ እስኪገባቸው ድረስ ረጅምና መራራ ክርክር ገጠሙ። ጦር የሚመሩ፣ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ናቸው እንግዲህ!

ስለዚህ ከተለያየ አገር ለተሰበሰቡ ሰዎች ቃለ ጉባኤ ስትጽፉ ቴብል የሚለውን ግስ ተዉት። ጉዳዩ ውይይት ላይ ከዋለ ውይይት ላይ ዋለ በሉ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ከተላለፈም ተላለፈ ብላችሁ ቀኑን ጻፉ።