ያልተመለሰ የቡና ቅድመ ክፍያና የብድር መዝገብ

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ነዋሪነቴ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ሲሆን ሥራዬ ከአለታ ወንዶና ከአካባቢው እሸት ቡና እየገዛሁ አዘጋጅቼ ለላኪ ማቅረብ ነው። ባለፈው የቡና ወቅት አንድ የአዲስ አበባ ላኪ በጽሑፍ ውል 1,800,000 ብር ቅድመ ክፍያ ሰጠኝ፤ እኔም ቀን ያልተጻፈበት ቼክ በመያዣነት ሰጠሁት። የእሸት ዋጋ ከጠበቅነው በላይ ስለ ናረ ያስረከብኩት የ1,100,000 ብር ቡና ብቻ ነው። አሁን ላኪው «ከነመቀጫው 900,000 ብር ክፈል፣ አለዚያ ቼኩን ባንክ አስገባዋለሁ» ይለኛል። በሌላ በኩል አይሱዙዬን አስይዤ የወሰድኩት የባንክ ብድር የሁለት ወር ክፍያ፣ በድምሩ 130,000 ብር፣ ተቆልሎብኛል። እጄ ላይ ያለው 250,000 ብር ነው። ስሜ በብሔራዊ ባንክ ተበላሽቶ ለመጪው ወቅት የሚያበድረኝ እንዳላጣ እፈራለሁ። ወዳጆቼ ደግሞ «በስልክ ከሚሰጠው ብድር ወስደህ ላኪውን አስታግሰው» ይሉኛል። ለማን ላስቀድም?
— ቡና አቅራቢው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱን ዕዳዎች በአንድ ላይ ስላሰቡአቸው ፍርሃትዎ ቦታውን የሳተ ይመስለናል። በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ማዕከል መረጃ የሚሰበስበው ባንኩ ፈቃድ ከሰጣቸው አበዳሪዎች፣ በተለይም ከባንኮችና ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ነው። ላኪው የቱንም ያህል ቢቆጣ ነጋዴ እንጂ አበዳሪ ተቋም ስላልሆነ የእርስዎን ስም ወደዚያ መዝገብ የሚልክበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ቅድመ ክፍያው እንደ ቅድመ ክፍያ የብድር መዝገብዎን አይነካም። መዝገቡን የሚነካው የአይሱዙው ብድር ነው፤ ከባንክ ጋር ያለዎትን ስም ሊያበላሽ የሚችለው ሌላው ነገር ደግሞ በላኪው እጅ ያለው ቼክ ነው።

ከብድሩ እንጀምር። አንድ ብድር ክፍያው 90 ቀን ካለፈው በባንኮች አሠራር ከጤናማነት ወጥቶ «የተበላሸ ብድር» ተብሎ ይመደባል፤ ቆይታው ሲረዝምም ደረጃው እየወረደ ይሄዳል። እርስዎ ሁለት ወር ላይ ስለሆኑ ከዚህ መስመር በዚህኛው ወገን ነዎት፤ የቀረዎት ጊዜ ግን በሳምንታት የሚቆጠር ነው። መረጃው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ ስለሚያዝ ባንክ ቢቀይሩ ይከተልዎታል፣ አዲስ የሚጠይቁት ባንክም ብድር ከመፍቀዱ በፊት ማየቱ አይቀርም። ከዚህ ላይ መኪናው አለ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅድላቸዋል። መኪናውን ያጣ አቅራቢ መጪውን ወቅት በኪራይ መኪና ሊጀምር ነው፤ በዚያ ሒሳብ ትርፍ ማግኘት እንዴት እንደሚከብድ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ስለዚህ ከ250,000 ብሩ 130,000 ብሩን ሳይውሉ ሳያድሩ ለባንኩ ይክፈሉ። በዚያው ዕለት የብድር ክፍሉን ኃላፊ አግኝተው ገቢዎ ወቅታዊ መሆኑን በጽሑፍ ያስረዱና፣ ወርሃዊ ክፍያው ከቡና ወቅት ጋር እንዲጣጣም ብድሩ ዳግም እንዲዋቀር ያመልክቱ። ይህን ጥያቄ ብድሩ ሳይበላሽ የሚያቀርብ ደንበኛና ከተበላሸ በኋላ የሚያቀርብ ደንበኛ በባንኩ ጠረጴዛ ላይ እኩል አይታዩም፤ የኋለኛው ውሉ ቢታደስለት እንኳ ለተወሰነ ጊዜ በተከታታይ ከፍሎ ካላሳየ ወደ ጤናማው ተርታ አይመለስም። መዝገብዎ ላይ በስህተት የገባ ነገር አለ ብለው ከጠረጠሩም ይህንኑ ኃላፊ ይጠይቁ፤ መረጃውን የላከው ባንኩ ስለሆነ የማስተካከያው መንገድ በእሱ በኩል ነው።

ቼኩ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበናል። በንግዳችን ውስጥ ቀን ያልተጻፈበትን ቼክ «ለመያዣ ብቻ» ብሎ መስጠት እንደ ቀላል ነገር መለመዱ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ቼክ በሕግ የመክፈያ ሰነድ እንጂ የመያዣ ሰነድ አይደለም፤ ለባንክ እንደ ቀረበ የሚከፈል ነው፤ ያዡ ቀኑን ሞልቶ ሲያቀርበው ሒሳብዎ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ፣ በተለምዶ ደረቅ ቼክ የምንለው፣ በሕጉ ቋንቋ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ይሆናል። ይህ ድርጊት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 በእስራት ያስቀጣል፤ ባንኩ ለብሔራዊ ባንክ ሪፖርት ያደርጋል፤ ከተደጋገመም የቼክ ሒሳብ እስከ መዘጋት ያደርሳል። ከዚህ በላይ ላኪው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 284 ጀምሮ በተደነገገው የአጭር ሥነ ሥርዓት ክስ መመሥረት ይችላል፤ እርስዎም ለመከላከል በቅድሚያ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርብዎታል። ውሉ ላይ ቼኩ ለመያዣ እንደተሰጠ ተጽፎ ከሆነ ያንን ገጽ በጥንቃቄ ይያዙ፤ ጠበቃዎ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

አሁን ወደ ላኪው ሒሳብ እንምጣ። ብዙ አቅራቢዎች ዋጋ መናሩ ከግዴታቸው ነፃ የሚያወጣቸው ይመስላቸዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከዚያም በየካቲት 2017 የአረቢካ ቡና የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ በየማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ የነበረው ግፊያ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1794 ግን ለውሉ አፈጻጸም የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንደማይባል አስቀድሞ ደንግጓል። ይህን ክርክር ይዘው ፍርድ ቤት ቢቀርቡ ተስፋዎ ጠባብ ነው፤ ከላኪው ጋር ሲደራደሩ ግን ይጠቅማል፣ እሱም በዚያው ዋጋ ተጠቃሚ ሊሆን እንደሚችል ያውቃልና።

የ200,000 ብሩ መቀጫ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በሕጉ አንቀጽ 1893 መሠረት ፍርድ ቤት በውል የተወሰነን መቀጫ ሊቀንስ የሚችለው ውሉ በከፊል የተፈጸመ እንደሆነ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ከግማሽ በላይ አስረክበዋል። ስለዚህ ከመደራደርዎ በፊት ያስረከቡትን ቡና በየፈረሱላው የሚያሳዩትን የሚዛን ደረሰኞች፣ የርክክብ ሰነዶችና የባንክ ዝውውሮች በቀን ቅደም ተከተል አሰናድተው ይያዙ። ስለ 700,000 ብሩ ብዙ መከራከር አያዋጣዎትም። ስለ መቀጫው ግን ይከራከሩ።

የወዳጆችዎን ምክር ግን በምንም መልኩ አይቀበሉት። በስልክ የሚሰጡት ብድሮች ከጀርባቸው ባንክ አለ፤ ለምሳሌ በ2014 የተጀመሩት የቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» አገልግሎቶች የቀረቡት ከዳሸን ባንክ ጋር በመጣመር ነው። እንዲህ ካደረጉ በብድር መዝገብ የማይታየውን የላኪውን ዕዳ፣ የመክፈያ ጊዜው ያጠረ፣ በመዝገብ የሚታይ ዕዳ አድርገው ይቀይሩታል ማለት ነው። የሚያገኙት ገንዘብም 700,000 ብርን አይሸፍንም።

በእጅዎ የሚቀረው 120,000 ብር የድርድሩ መክፈቻ ይሁን። ብቻዎን ከመሄድ ይልቅ ሁለታችሁንም የሚያውቁ፣ በቡና ንግድ የተከበሩ ሽማግሌዎች ይዘው ይሂዱ፤ በሲዳማ የእርቅ ባህል ያደገ ሰው የዚህን ጥቅም ከእኛ መስማት አያስፈልገውም፤ የአዲስ አበባ ላኪም ቢሆን ለመጪው ወቅት አቅራቢ ስለሚፈልግ ሽማግሌ ገፍቶ መመለስ ይከብደዋል። ሐሳብዎ እንዲህ ይሁን፦ 120,000 ብር አሁን፣ ቀሪው በመጪው ወቅት ግማሹ በገንዘብ ግማሹ በቡና፣ ቡናው የሚታሰበውም በርክክቡ ዕለት የገበያ ዋጋ እንጂ በአሮጌው ውል ዋጋ አይደለም። ላኪው ቀሪውን ወደ ብድር እንቀይረውና ወለድ ይታሰብበት ካለ፣ ባንክ ባልሆኑ ሰዎች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 መሠረት በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ እንደማይችል ያስታውሱት።

ስምምነቱ በቃል አይቅር። በጽሑፍ ሆኖ በምስክሮች ፊት ይፈረም፤ ክስ ተጀምሮ ከሆነም በፍርድ ቤት ይመዝገብ። ዕዳን በጽሑፍ ማመን የአሥር ዓመቱን የይርጋ ዘመን (ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ) እንደ አዲስ እንደሚያስጀምር ይወቁ፤ በእርስዎ ጉዳይ ግን ዕዳው ገና ትኩስ ስለሆነ ይህ የሚያስፈራ አይደለም። የስምምነቱ የመጀመሪያ አንቀጽ የቼኩን ቁጥር ጠቅሶ 120,000 ብሩ በሚከፈልበት ቅጽበት ቼኩ ለእርስዎ እንደሚመለስ ይግለጽ። ላኪው ሌላ መያዣ ከጠየቀ፣ የገንዘቡ ጣሪያ በግልጽ የተጻፈበት የሰው ዋስትና ያቅርቡለት እንጂ ሌላ ቼክ አይፈርሙለት፤ ቼኩን አልመልስም ካለ ደግሞ 120,000 ብሩን ሳይሰጡ፣ ውሉንና ደረሰኞቹን ይዘው በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያነጋግሩ።