ጥያቄና መልስ፦ የአጎት ልጅ ፒኤልሲ፣ የቴሌግራም አክሲዮንና ነፃ ማኪያቶ

ሰሞኑን ከጂማ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ገንዘብ ሆነዋል። የቡና ለቀማ ሲቃረብ ልማዱ ነው። ይበልጡን የጠየቃችሁት በአክሲዮን ገበያው ስላልተመዘገቡ የግል ኩባንያዎች ነው። ረዣዥሞቹን ደብዳቤዎች በራሴ አባባል አሳጥሬያቸዋለሁ፤ አትቀየሙኝ።

«63 መምህራን ነን። ገንዘብ አዋጥተን ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ልናቋቁም ነው። ይቻላል?»

አይቻልም። በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የፒኤልሲ አባላት ከ2 እስከ 50 ናቸው። የሚቀነሱት 13 ሰዎች እነማን እንደሆኑ መስማማት ካቃታችሁ አክሲዮን ማኅበር አስቡ።

አንድ ወጣት ከሂርማታ መርካቶ፦ በቴሌግራም «በምሥረታ ላይ ያለ» የግብርና ኩባንያ አክሲዮን ይሸጣል። በወር 8 በመቶ ይከፍላል ተብሏል። ብሩ የሚገባው በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው። «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?»

ይቅርብህ። እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ለምን ማለትህ አይቀርም። ባለአክሲዮን ሲተረፍ ይካፈላል፣ ሲከሰር አብሮ ይከስራል። በየወሩ ይህን ያህል ብሎ ቃል የሚገባልህ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚሸጥልህ። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ አስቀድሞ የሽያጭ መግለጫ ሰነዱን በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብ አለበት። ገንዘቡም የሚገባው በምሥረታ ላይ ባለው ኩባንያ ስም በተከፈተ ዝግ ሒሳብ (ኩባንያው እስኪመዘገብ ገንዘብ በማይወጣበት) እንጂ በአቶ እገሌ ሒሳብ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ድርሻ ሲሸጥ አስታውስ። ዋጋው ለአንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። መግለጫው ለማንም ክፍት ነበር። በወር ይህን ያህል እከፍላለሁ ግን አላለም።

አንዲት ነጋዴ ከኮቺ፦ የአጎቷ ልጅና ሚስቱ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ፒኤልሲ አላቸው። 600,000 ብር ስጪና 30 በመቶው ያንቺ ይሁን አላት። ወረቀት እንጻፍ ስትለው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብሎ ተረተባት። ደግማ ለመጠየቅ ይሉኝታ ይዟታል።

እህቴ፣ የዚህ ሳምንት ዋናው ጥያቄ ያንቺ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። 600,000 ብር 30 በመቶ ከሆነ፣ ኩባንያው ካንቺ ብር ጋር 2,000,000 ብር ያወጣል ማለቱ ነው። ካንቺ ብር በፊት ደግሞ 1,400,000። ምኑ ነው ይህን የሚያወጣው? ሄደሽ እዪው። መፈልፈያው ይሠራል? ገንዳው አያፈስም? የማድረቂያ አልጋዎቹ ሽቦ ተበጣጥሶ በገመድ የተቋጠረ ከሆነ ለመጪው ወቅት ወጪ አለብሽ። ከሁሉ በላይ የባንክ ዕዳ ጠይቂ። ማሽኑ በመያዣነት ተይዞ ይሆናል።

ቀጥሎ ብሩ የት ነው የሚገባው? ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። የእሱን ድርሻ ከገዛሽ ብሩ ወደ እሱ ኪስ ይገባል። ካፒታል ማሳደጊያ ከሆነ ደግሞ ወደ ኩባንያው ሒሳብ ይገባል፣ እሸት ቡና ይገዛበታል። ሁለቱም ሕጋዊ ነው። ግን እሱ «ለሥራው ነው» እያለሽ ብሩን በግል ሒሳቡ ከተቀበለ ነገሩ ተበላሽቷል።

ስምሽስ? በመመሥረቻ ጽሑፉ ማሻሻያ ላይ ካልሰፈረ፣ ሰነዱ ካልተረጋገጠና በንግድ መዝገብ ካልገባ የኩባንያው አባል ነኝ ለማለት ብዙ ትቸገሪያለሽ። ቢበዛ ውል የሌለሽ አበዳሪ ነሽ። የአጎትሽ ልጅ ደግ ሰው ይሁን፤ እሺ። እግዜር አያድርገውና ቢሞት ግን የምትነጋገሪው ከወራሾቹ ጋር ነው። እነሱ ተረቱን አልሰሙም።

ስምሽ ከገባም በኋላ 30 በመቶ 30 በመቶ ነው። ባልና ሚስቱ 70 ይዘዋል። ትርፍ ይከፋፈል ወይስ ይቆይ የሚለውን በድምፅ ይወስናሉ። ሥራ አስኪያጁ ለራሱ ጠቀም ያለ ደመወዝ ቢቆርጥ ትርፍ የሚባል ነገር ላይቀር ይችላል። ሌብነት ላይሆን ይችላል፤ አንቺ ግን ባዶ እጅሽን ነሽ። ስለዚህ የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ፣ ያላንቺ ፈቃድ ሊበደር የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ፣ ሒሳብ የምታዪበት ጊዜ አሁን ይጻፉ።

የመጨረሻው መውጫው ነው። በገበያ የተመዘገበ አክሲዮን ቢያንስ ገዢ የሚፈለግበት ቦታ አለው። የፒኤልሲ ድርሻ የለውም። ለውጭ ሰው ልሽጥ ብትይ የሌሎቹን አባላት ፈቃድ ያስፈልግሻል። ማነው የሚገዛሽ? በስንት? በስንት ወር ውስጥ? ይህ ካልተጻፈ ድርሻሽን የሚገዛሽ የአጎትሽ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም በፈለገው ቀንና በፈለገው ዋጋ። ሥራው ደግሞ ብር የሚያስር ነው። ቀይ እሸት በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ የታጠበው ቡና ተሽጦ ብሩ እስኪመለስ ወራት ያልፋሉ። በዚያ መሃል ዋጋ ከወረደ ኪሳራ ነው፤ ብዙ ማጠቢያ ጣቢያ የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው። ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና ያስቀመጥሽውን ብር እዚህ አታግቢ።

ጠበቃ ያዢ። ይህን ለወጉ አይደለም የምልሽ። ያንቺ ጠበቃ ይሁን፤ የእነሱን መመሥረቻ ጽሑፍ ያረቀቀው አይሆንም። ይሉኝታው ካስቸገረሽ «እኔ እሺ ብዬ ነበር፣ ጠበቃዬ እምቢ አለኝ» በይ። ጠበቃ ለዚህም ይከፈለዋል።

አንድ አባት፦ ጎረቤታቸው በአክሲዮን ገበያው ያልተመዘገበ ባንክ አክሲዮን አለው፤ ሊሸጥላቸው ነው። የምስክር ወረቀቱን መያዝ ይበቃል?

አይበቃም፣ አባባ። ከሻጩ ጋር ባንኩ አክሲዮን ክፍል ይሂዱ። አክሲዮኑ ለብድር ተይዞ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ እንደሆነ ይጠይቁ። ዝውውሩ በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ በስምዎ እስኪሰፍር ሙሉውን ብር አይስጡ። ወረቀቱን ትራስ ሥር አድርገው ቢተኙ ዲቪደንዱ (ለባለአክሲዮን የሚከፋፈለው ትርፍ) የሚሄደው ለተመዘገበው ሰው ነው።

«የምንሸርክበት ድርጅት በወለድ ተበድሯል። ድርሻ ብገዛ ሐላል ነው?»

ኡስታዝህን ጠይቅ። የሒሳብ መግለጫውን ይዘህ ሂድ፤ እሳቸውም ያለ ቁጥር መመለስ ይቸገራሉ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አተረፍን እያሉ ዲቪደንድ አልሰጡንም። ልክሰስ?»

ትርፍ አለ ማለት ይከፋፈላል ማለት አይደለም። የሚወስነው ጉባኤው ነው። መጀመሪያ ቃለ ጉባኤውንና የተመረመረውን ሒሳብ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ማመልከቻህንም አስፈርመህ ቀሪውን ያዝ። ከከለከሉህ ያኔ ወደ ጠበቃ።

«ካፌ ውስጥ 5 በመቶ ድርሻ ገዝቻለሁ። ማኪያቶ በነፃ ይገባኛል?»

አይገባህም። ካፌው የኩባንያው ነው፣ ማኪያቶውም እንደዚያው። ሥራ አስኪያጁ በነፃ ጠጣ ካለህ ሌላ ለማን ለማን እንደሚያጠጣ ጠይቀው።